ጎርፍ ከየት ይለካል

ሰይዳ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። ቆቦ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ባለሱቅ የለም። አንድ ጊዜ ሁለት ሜትር ሽቦ ገዝታ አሥር ሳንቲ ሜትር ጎድሎ ብታገኘው ተመልሳ ሄዳ፣ የባንኮኒውን ጠርዝ በራሷ ሜትር ለክታ፣ ለሃያ ዓመት ጨርቅና ገመድ ሲለካበት የኖረው ምልክት የተሳሳተ መሆኑን ለባለሱቁም ለደንበኞቹም አስረድታ ነው የወጣችው። ባለሱቁ ዛሬም ድረስ ሰይዳ ስትገባ ሌላ ሥራ ያገኛል።

የተወለደችው ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ጎሊና ወንዝ የአውራ ጎዳናውን ድልድይ አልፎ ወደ ዞብል ተራሮች ሲሄድ በሚያጠጣው ሜዳ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ ተመለሰችና በ1998 ዓ.ም. መስኖ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ የጉድጓድ ፓምፕ መጠገን ነበር። ሞተር ሳይክል ላይ ሻርፗን አጥብቃ አስራ፣ የመፍቻ ሻንጣዋን ከኋላ ጭና፣ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለውን ሜዳ ስታካልል ለሚያያት መጀመሪያ ላይ ብርቅ ነበረች። በኋላ ሰው ለመደና ፓምፕ ሲቆም «ሰይዳን ጥሯት» ማለት ብቻ ሆነ።

ራያ ቆላ ውሃ የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከመሬት ሥርና ከሰው ሰማይ። ከመሬት ሥር ያለውን ፓምፕ ያወጣዋል። የሰው ሰማይ ያልኩት ላስታን ነው። ዝናቡ እዚያ ደጋው ላይ ይወርዳል፣ እዚህ ቆላው ላይ ፀሐይ እያቃጠለ ጎርፉ በደረቁ ወንዝ እያጓራ ይደርሳል። ገበሬው ድንጋይና የግራር ጭራሮ ደራርቦ በሠራው ጠለፋ ጎርፉን ከወንዙ ወደ ቦይ መልሶ ማሽላውን ያጠጣል። አንድ ጥሩ ጎርፍ በጊዜው ከተጠለፈ የዓመቱ እህል ተገኘ ማለት ነው። ካመለጠ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ አፋር ምድር ይገባል፣ ማንም አይመልሰውም።

ይህን የሚያዝዘው የውሃ አባት ነው። የውሃ አባት በሹመት ደብዳቤ አይመጣም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገበሬ ተሰብስቦ፣ ለወንድሙ እንኳ የማያዳላ ሰው ነው ብሎ የሚመርጠው ነው። በሰይዳ ሰፈር የውሃ አባቱ ካሳ ይባላሉ፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው። ሕጉን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ጎርፉ ከጉልበት እስከ ወገብ ከሆነ የጠለፋው አፍ ይከፈታል። ደረት ካለፈ አፉ ተዘግቶ ይቆያል፣ እንዲያ ያለ ጎርፍ ከገባ ቦዩን ሰንጥቆ ማሳውን ጠጠር ያለብሰዋልና። ድሮ ከላይ ያለ ሰው እግሩን ውሃ ውስጥ እየነከረ «ጉልበት ነው፣ ጭን ነው» እያለ ይጮህ ነበር፣ ጩኸቱም ከማሳ ማሳ እየተቀባበለ ወደ ታች ይወርዳል። ስልክ ሲመጣ ጩኸቱ በስልክ ሆነ። እግሩን የሚነክር ሰው ግን አልቀረም፣ ከእንዲህ ያሉት ሰዎች ሁለቱን ውሃ እንደወሰዳቸው ይነገራል።

በ2004 ዓ.ም. አንድ ፕሮጀክት ድልድዩ ላይ ሴንሰር ሰቀለ። ከጠለፋው በላይ ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ከድልድዩ ሥር ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ጣሳ የምታክል ነገር ናት። ድምፅ ወደ ውሃው እየላከች ከድልድዩ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ትለካና በሲም ካርዷ ቁጥሩን ቆቦ ወዳለው ኮምፒውተር ትልካለች። የተማሩት የነገሮች ኢንተርኔት ይሉታል፤ ጉድጓዱም፣ ፓምፑም፣ ድልድዩም ሰው ሳይጠይቃቸው በኔትወርክ ወሬ የሚያቀብሉበት ማለት ነው። ለገበሬው ቁጥር ምን ያደርግለታል ብላ ሰይዳ በራሷ ጊዜ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። ድልድዩ ከወንዙ ወለል አራት ሜትር ከፍ ይላል። ርቀቱ ሦስት ሜትር ከሆነ ውሃው አንድ ሜትር ነው፣ ወገብ። ፕሮግራሙ ይህን ቀንሶ ለጋሼ ካሳና ለሠላሳ ስምንት ገበሬዎች «ጉልበት» ወይም «ወገብ» የሚል መልእክት ይልካል። ለእሷ ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፣ የጉድጓድ ሰው ሁልጊዜ ከአፍ ወደ ታች ነው የሚለካው። ሁለት ክረምት እንደ ሰዓት ሠራ። ሰው እግሩን ውሃ ውስጥ መንከር ቀረለት፣ ሰይዳም በሰፈሯ ስትሄድ አንገቷ ትንሽ ቀና ይል ነበር። ይህን አልደብቅም።

በ2006 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ያችን ሴንሰር መብረቅ መታት። ሌላ ፕሮጀክት ሌላ ፋብሪካ የሠራት ሴንሰር ሰጠ፤ ቀለሟም፣ መጠኗም፣ አሰቃቀሏም ያው ነው። ሰይዳ ወጥታ በዚያው ብሎን አሰረቻትና ኮምፒውተሩን ስታየው ዜሮ ይላል። ወንዙ ደረቅ ነበር። በጉድጓድ ሥራ ዜሮ ማለት መሣሪያው ምንም አላነበበም ማለት ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ዜሮ ሲመጣለት ዝም ብሎ እንዲያልፈው አድርጋ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ ታነባለች ብላ መፍቻዋን ሰብስባ ወረደች። ያች ለአሥር ሳንቲ ሜትር ሽቦ ስትሟገት የዋለች ሴት፣ የዚያን ዕለት ከሴንሰሯ ሥር አንድ ባልዲ ውሃ አድርጋ እንኳ አልሞከረችም።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ሴንሰሯ «ሦስት ነጥብ አንድ» ብላ ላከች። ፕሮግራሙ ከአራት ላይ ቀነሰና «ወገብ» አለ። ጋሼ ካሳ መልእክቱን አይተው አፉ ወለል ብሎ እንዲከፈት አዘዙ። የመጣው የሦስት ሜትር ጎርፍ ነበር። ጠለፋውን እንዳለ ጠራርጎ፣ ቦዩን ሰንጥቆ፣ የአርባ አባወራ ማሳ ላይ ጠጠርና ግንድ አራግፎ ሄደ። ሰው አልሞተም። ማሽላው ግን ተጠርጎ ሄዶ ነበር።

ሰይዳ በማግስቱ በሕዝብ ፊት ስትጠየቅ መሣሪያው ተበላሽቶ ነው አለች። ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የመሰላት። በሦስተኛው ቀን ግን የሴንሰሯን መመሪያ ከካርቶኑ አውጥታ፣ ገጽ አርባ ሦስት ላይ አንዲት መስመር አገኘች። ይህች ሴንሰር ስትሰቀል ያገኘችውን ወለል ዜሮ ብላ ይዛ፣ ርቀቱን ራሷ ቀንሳ፣ የውሃውን ከፍታ ከወለል ጀምራ ነው የምትልከው። ሦስት ነጥብ አንድ ስትል ሦስት ነጥብ አንድ ነው። ያ የመጀመሪያው ዜሮም እውነተኛ ዜሮ ነበር፤ ወንዙ ደረቅ ነው እያለቻት ነበር። ሰይዳ መመሪያውን ከድና መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። ፕሮግራሙን በዚያው ቀን አስተካከለች። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

ጋሼ ካሳን ከውሃ አባትነታቸው እናውርዳቸው የሚሉ ተነስተው ነበር፣ ለጥቂት ነው የተረፉት። የጠለፋው ሕግ በጥፋቱ ውሃ ያበላሸ ሰው ድንጋይና ጭራሮ ተሸክሞ ይካስ ይላል። እሳቸውም ማሽን አምኜ ያዘዝኩት እኔ ነኝ ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ሃያ ሸክም ጭራሮ ከጋራው አወረዱ። ሰይዳ ይህን በሞተር ሳይክል ስታልፍ አይታለች። አንድ ቀን ቆማ ላግዝዎት ብትላቸው፣ የቅጣት ሸክም አይታገዝም ብለው አለፏት። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረች። ሰው ሁሉ የመልእክቱን ቁጥር ከስልኩ አጥፍቶ፣ ዳግመኛ ማሽን ብሎ የሚያወራ እንዳይኖር ሆነ። አንድ ሁለቱ ጎረምሶች እግራቸውን ወንዝ ውስጥ ወደ መንከሩ ተመለሱ። ይህ ከሁሉም በላይ ያብከነክናት ነበር።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ መጣ። ከኔትወርክ ጋር ለሚገናኙ የውሃና የእርሻ መሣሪያዎች ወጥ የቴክኒክ ደረጃ የሚያረቅቅ ኮሚቴ አዲስ አበባ ላይ ስለሚሰበሰብ፣ ከመስክ የመጣ ባለሙያ ይላክልን ይላል። አለቃዋ ደብዳቤውን አገላብጦ፣ ሻይና ብስኩት ነው፣ አንቺ ሂጂ አላት። ሄደች።

ስብሰባው ሦስት ቀን ነበር። ረቂቁ ስድሳ ገጽ ነው። ስለ ባትሪ፣ ስለ ሞገድ፣ ስለ ይለፍ ቃል ሲከራከሩ ሰይዳ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አዳመጠች። ደረጃ ማውጣት ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባት። አንዱ ፋብሪካ የሠራውን መሣሪያ ሌላው የሠራው ሲተካው፣ የሚያነበው ሰው ወይም ኮምፒውተር ሳይደናገር እንዲቀጥል አስቀድሞ መስማማት ነው። በጉጉት ስትጠብቀው የነበረው ገጽ ሁለተኛው ቀን ላይ ደረሰ። ማንኛውም መሣሪያ በሚልከው መልእክት ውስጥ ሦስት ነገር ይኑር ይላል፤ ቁጥሩ፣ መለኪያው፣ ሰዓቱ።

ሰይዳ እጇን አወጣች። ከየት ተነስቶ እንደተለካስ አለች። በረከት የሚባል፣ ረቂቁን አብዛኛውን የጻፈ ወጣት መሐንዲስ በትሕትና መለሰላት። ያ በመሣሪያው መመሪያ ላይ ይገኛል፣ በየመልእክቱ መድገም ባትሪ መጨረስ ነው፣ ደግሞም ማንም ባለሙያ መመሪያ ሳያነብ መሣሪያ አይሰቅልም አላት። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰይዳ ጉድጓድ ከአፍ፣ ወንዝ ከወለል እንደሚለካ ለማስረዳት ሞከረች፣ ግን ነገሩ ለከተማ ሰው እንዲሁ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሰብሳቢዋ ዶክተር አልማዝ ወደሚቀጥለው ገጽ እንለፍ አሉ።

ሰይዳ ተነሳች። 

«መመሪያው ገጽ አርባ ሦስት ላይ ነበረ» አለች። «አላነበብኩትም። የሦስት ሜትር ጎርፍ ወገብ ነው ብዬ ለሠላሳ ዘጠኝ ሰው የላክሁት እኔ ነኝ። የአርባ ቤተሰብ እህል ሄዷል። መሣሪያው ልክ ነበር፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ተበላሽቶ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።»

አዳራሹ ውስጥ ብዕር የያዘ ሁሉ ብዕሩን አስቀመጠ። በረከት ፊቱ ቀላ። እኔም ገጽ አርባ ሦስት ድረስ አንብቤ አላውቅም አለ፤ ለዚህ ቃሉ ሰይዳ ዛሬም ትወደዋለች። ዶክተር አልማዝ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉና፣ እንግዲያው አንቀጹን አንቺው ጻፊው አሏት።

ሻይ ሰዓት ሳትወጣ ጻፈችው። የውሃ መጠን የሚልክ መሣሪያ ልኬቱ ከየት እንደሚጀምር፣ ቁጥሩም ሲያድግ ውሃው እየወጣ ይሁን እየወረደ፣ በየመልእክቱ ይናገር። ዜሮ ዜሮ ይሁን፣ ዝምታ የራሱ ምልክት ይኑረው። ኮሚቴው ቃላቱን እንደ ልማዱ አሽቶ አሽቶ ረጅምና ደረቅ አደረጋቸው፣ ባትሪውም ቢሆን አንዲት ፊደል ቢጨመርበት ምንም እንደማይሆን ተሰላ። ጸድቆ እስኪታተም ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀበት። የእሷ ስም የትም ላይ የለም፣ የማንም ስም የለም፣ እንዲህ ያለ ወረቀት የሰው ስም አይጻፍበትም።

ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ደስታዋ እስከ ደሴ ብቻ ነው የቆየው። ከደሴ በኋላ አንድ ነገር አላስቀምጥ አላት። በሕይወቷ አይታቸው ለማታውቅ ሃያ ሰዎች የተናገረችውን፣ ቅጣቱን ለተሸከሙላት ሰው አልነገረችም።

ግንቦት ገበሬው ከክረምት በፊት ጠለፋውን በጋራ የሚጠግንበት ወር ነው። ሰይዳ ሄዳ ስትደርስ ወደ ስድሳ ሰው ድንጋይ ይቀባበላል። ጋሼ ካሳን ለብቻ ልታናግራቸው ነበር ሐሳቧ፣ ግን ለብቻ ነግራ በሕዝብ ፊት የጠፋውን ስማቸውን ምን ይመልሰዋል። ድንጋይ ላይ ቆመችና ለሁሉም ተናገረች። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር፣ ጋሼ ካሳ አላጠፉም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በሦስተኛው ቀን አውቄ ነው ዘጠኝ ወር ዝም ያልኩት አለች። አንዳንዱ አጉረመረመ። ማሳው ጠጠር የለበሰበት አንድ ሰው አካፋውን ወርውሮ ጀርባውን ሰጣት። እውነት ለመናገር፣ ከዚያ ያነሰ አልጠበቀችም።

ጋሼ ካሳ እጃቸውን ከአቧራው አራግፈው ቀረቧት።

«የስሕተቱን ቅጣት እኔ ጨርሻለሁ» አሉ። «አንቺ የምትቀጪው በዝምታሽ ነው። ሃያ ሸክም።»

ሴት፣ ማሳ የሌላት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በጠለፋው ሕግ ስትቀጣ የመጀመሪያዋ ነበረች። አንዳንዱ ይህ ነውር ነው፣ ይማሩላት አለ። ሰይዳ ግን ውስጧ የቆየው ድንጋይ የዚያን ጊዜ ነው የተነሳላት፤ ቅጣት የሚቆረጥበት የውሃው ሰው ብቻ ነው፣ ለእንግዳ ማን ቅጣት ይቆርጣል። ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ስድስት ቀን ግራር ከጋራው አወረደች። እጇ በእሾህ ተበሳስቶ ለሁለት ሳምንት መፍቻ መያዝ አቃታት። የጨረሰች ዕለት፣ አካፋውን የወረወረው ሰው መጥቶ ሃያውን ሸክም አንድ በአንድ ቆጠረና ትክክል ነው ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ምሽቶች ኮምፒውተሯ ላይ አሳለፈች። ረቂቁ ገና ሕግ አይደለም፣ ፋብሪካዎቹም አልሰሙትም፣ እሷ ግን በእጇ ላሉት ሦስት ዓይነት ሴንሰሮች ሁሉ ቁጥራቸውን ወደ አንዱ አጻጻፍ የሚመልስ ፕሮግራም ሠራች። እያንዳንዱን እየወሰደች በባልዲ፣ በበርሜል፣ በቦይ ፈተነችው። ድልድዩ ሥር ወርዳ ወለሉ ላይ ለማመሳከሪያ ቀለም የተቀባ መለኪያ እንጨት አቆመች። ለገበሬው ስልክ የሚደርሰውም «ወገብ» ብቻ መሆኑ ቀርቶ «ከወለል፣ ወገብ፣ እየጨመረ» ሆነ። ቁጥሩን እንደገና ስልካቸው ላይ የመዘገቡት ግን ጋሼ ካሳን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የ2007 ክረምት እንዴት እንደነበር ራያ ውስጥ ላለ ሰው አይነገርም። ሰኔ ሄደ፣ ሐምሌ ሄደ፣ ደጋውም ጠብ አላለለት። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉን መጠቅለል ጀመረ። ዱዓም ምሕላም ተደረገ። ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን ላስታ ላይ ደመና ቋጠረ፣ ሰውም ጠለፋው ላይ ተሰበሰበ። ሰይዳ በሞተር ሳይክሏ መጥታ ከእነሱ ጋር ተቀመጠች። አንድ ጎርፍ ነው የቀራቸው፣ እሱም ቢመጣ ነው። አፉ ተከፍቶ የመጣው የሚያጠፋ ጎርፍ ከሆነ ቦዩንም የቀረውን ማሽላም ይዞ ይሄዳል። ተዘግቶ ጥሩው ጎርፍ ካለፈ ደግሞ በዚያ ዓመት ሌላ የለም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኮቹ ጮኹ። «ከወለል፣ ወገብ፣ እየጨመረ።» ሁለተኛው ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ። «ከወለል፣ ወገብ፣ ባለበት።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነበር፤ ያኔም ወገብ ነበር የተባለው። ጎርፉ ጠለፋው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቀረውም፣ አፉን ለመክፈትም ያንኑ ያህል ይፈጃል። ጋሼ ካሳ ስልካቸውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩትና ወደ ሰይዳ ዞሩ። ሰይዳ በልቧ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ሄደችበት፣ እንጨቱን አሰበች፣ በርሜሉን አሰበች። ሁሉም ልክ ነው። ያን ጊዜም ሁሉም ልክ መስሏት ነበር።

«ጋሼ፣ በሞተር ድልድዩ ጋ ደርሼ በዓይኔ ልየው» አለች።  «ምናልባት ተሳስቼ ቢሆንስ።»

«ደርሰሽ እስክትደውዪ የመክፈቻው ጊዜ ያልፋል፣ ውሃው አፋር ይገባል» አሉ ጋሼ ካሳ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ብትሳሳት ትነግረኛለች። ክፈቱ።»

መጀመሪያ የተነሳው ያ አካፋውን የወረወረው ሰው ነበር። ሌሎቹም ተከትለው ጭራሮውን መጎተት፣ ድንጋዩን ማንሳት ጀመሩ። ጎርፉ ቀይ ሆኖ፣ ቅጠልና አረፋ ተሸክሞ በመታጠፊያው ብቅ ሲል አፉ ተከፍቶ ነበር። ደረሰና ጠለፋውን ተደግፎ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ዞሮ ቦይ ውስጥ ገባ። ቦዩ ያዘው።

ጋሼ ካሳ እየተጣሩ መጀመሪያ የታችኛው ማሳ፣ ከዚያ የመሐሉ እያሉ ተራ ያዙ። ሰይዳ ድንጋዩ ክምር ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። ሁሉም እጁ ሥራ ይዞ ስለነበር ማንም አላባበላትም።